ሳይመጡ ጎበኙን

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ከሁሉም ቃል በላይ የምትነገር አንዲት ቃል ነበረች፤ «መስክ»። ኃላፊው የት ናቸው? መስክ ናቸው። መቼ ይመለሳሉ? ከመስክ ሲመለሱ። የትኛው መስክ እንደሆነ፣ ለምን እንደሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሄዱ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ በአውቶቡስ ተንገላተው የመጡ ባለጉዳዮች በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ ማመልከቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይቀመጣሉ። ይህችን ቃል ይሰሙና ይነሣሉ። ብዙዎቹ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ነው የሚወጡት። እስከ ዛሬ ከሁሉ አብልጦ የሚያናድደኝ ያ ምስጋና ነው። ምን ተሰጣቸውና?

እኔ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበርኩ። ኃላፊው ሲንቀሳቀሱ ካሜራ ይዤ እከተላለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ፣ ዜናውን በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ አወጣለሁ። ለዚህ ሥራ ሦስት ቃላት ይበቁ ነበር፤ ጎበኙ፣ ተወያዩ፣ አቅጣጫ አስቀመጡ። የማይጻፉ ጉዞዎችም ነበሩ። «ይቺን ተያት» እባላለሁ፣ እተዋታለሁ። አንድ ጊዜ ኃላፊው ለልምድ ልውውጥ ውጭ አገር ደርሰው መምጣታቸውን ያወቅነው ጸሐፊያቸው ቢሮ ለቢሮ እየዞረች ቸኮሌት ስታድለን ነው። ወርቃማ ወረቀቷን ልጠን በላን። ምን ልምድ እንደተለዋወጡ ግን የነገረን የለም፤ አፋችን በቸኮሌት ተይዞ ማን ይጠይቃል?

ከመፍረዴ በፊት ራሴን ላስቀድም። ጎንደር ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ከዩኒቨርሲቲው ከተመረቅሁ ጀምሮ ከዚያ ሰፈር አልወጣሁም፤ የታናሽ እኅቴንም የትምህርት ወጪ የምሸፍነው እኔ ነበርኩ። ዝም ማለትም እንጀራ ነው፤ እኔም እሱን ስበላ ኖሬያለሁ።

ነገሩ የመጣው ከወደ ደጋው ነው። ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ መኪና ከሚቆምበት ደግሞ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ የሚያስኬድ አንድ ቀበሌ አለ። ክረምቱ ከባድ ሆኖ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ገመገም ተሰነጠቀ። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚያ መላክ ፈሩ፤ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ጎንደር ድረስ ወርደው አመለከቱ። ባለሙያ ተላከ። ባለሙያው አይቶ፣ ትምህርት ቤቱ መነሣት አለበት ብሎ ጻፈ። ግን አዲሱን ቦታ የሚፈቅዱት ኃላፊው ስለሆኑ «በአካል ተገኝተው አይተው ይወስኑ» የሚል መስመር ከመጨረሻው ላይ አከለበት። ያቺ መስመር ናት ሁሉን ያሰረችው። ኃላፊውም እሺ አሉ። «ሐሙስ እንመጣለን፤ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሰብሰብ» የሚል ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤውን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ማኅተም አለበት።

ቀበሌውን አውቀው ነበር። አምና ለእርከን ሥራ ምርቃት ከኃላፊው ጋር ሄጃለሁ። ያኔ ካነሣኋቸው ፎቶዎች አንዱ ሸጋ ነበር፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ የሆነ አንድ የአገር ሽማግሌ የኃላፊውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው። ካሜራውን ስደግን አይተውኝ «ልጄ፣ አደራ ሸጋ አርገሽ አንሺኝ፤ ለልጆቼ ይቀር» ብለውኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ለደጋው ብርድ ወፍራም ሹራቤን ለብሼ፣ ካሜራዬን አንግቼ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በር ላይ ተገኘሁ። ዘበኛው በመገረም አየኝ።

«ማኪናዋ እኮ የለችም» አለኝ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ወጥታለች።»

ትተውኝ ሄደዋል ብዬ አዘንኩ። ምናልባት ደባርቅ ሊያድሩ ይሆናል አልኩና ቢሮዬ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ወሬ የለም። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የኃላፊው ምክትል አስጠሩኝ። ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ ነበር ያናገሩኝ።

«የዛሬውን ጉብኝት ዜና ልቀቂው።»

«ፎቶ አልደረሰኝም» አልኩ።

«የአምናው አለሽ አይደል? ያው ቦታ ነው፣ ያው ሕዝብ ነው። እሱን ተጠቀሚ።»

«ለመሆኑ ሄደዋል?»

ያኔ ቀና አሉ። «አንቺ እዚህ የተቀጠርሽው ለመጠየቅ ነው ለመሥራት?»

ተመልሼ ሠራሁ። ሌላ ምንም የምለው ማስተባበያ የለኝም። «ኃላፊው በዛሬው ዕለት በአካል ተገኝተው የመሬት መሰንጠቅ የደረሰበትን አካባቢ ጎበኙ፤ ከነዋሪዎች ጋር ተወያዩ፤ አቅጣጫ አስቀመጡ» ብዬ ጻፍኩ። «በዛሬው ዕለት» የምትለዋን ማንም ጨምሪ አላለኝም፤ ከልማድ የመጣች ናት። ከፎቶዎቹ ሁሉ ደግሞ የሽማግሌውን መረጥኩ፤ ስለምታምር።

በማግሥቱ ጠዋት የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። ገጹ ላይ ያለው ቁጥር የእኔ ነው። የሴት ድምፅ ነው፤ ነፋስ ይሰማል።

«እኅቴ፣ በገጹ ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ትናንት መጡ ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶ ላይ እጅ የጨበጠው ሽማግሌ አባቴ ነው።»

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። «እሰይ! ሰላም በይልኝ» አልኳት። «ሸጋ አባት ናቸው።»

ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደምታስረዳ ሰው፣ «አባቴ ካረፈ ስምንት ወሩ» አለችኝ። «እኛ ቀብረነው፣ ተዝካሩን አውጥተን ጨርሰናል። ምነው? እናንተ ትናንት የት አገኛችሁት?»

እሷ ቀጠለች። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ አገሩ በሙሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሞ ነበር። ወንዶቹ ለእንግዳው እግር እንዲመች ብለው እስከ ስንጥቁ ድረስ መንገድ ጠርገዋል። ሴቶቹ የገብስ ዳቦ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው አምጥተዋል። ነፋስ ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ በጋቢው ተጠቅልሎ ከግድግዳ ጥግ ጥጉን ይዞ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መምህሩ ኔትዎርክ ወደሚያገኝበት ኮረብታ ወጥቶ ስልኩን ከፈተ። ሲወርድ ፊቱ ሌላ ነበር። መጥተው ጎብኝተውናል ይላል፣ አላቸው።

«አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ተሳደበ» አለችኝ። «እናቴ ግን ፎቶውን አይታ እንደ አዲስ አለቀሰች። ትናንት የሞተባት መሰላት።»

«ይቅርታ» አልኩ። ስልኩ ቀድሞ ተዘግቶ ይሁን ሰምታኝ ይሁን አላውቅም።

እየሮጥኩ ምክትሉ ዘንድ ገባሁ። ፎቶው ላይ ያሉት ሰው ሞተዋል፣ ቤተሰቡ ደውሏል፣ ዜናው ይጥፋ አልኩ። ግንባራቸውን አሹ።

«ማጥፋት አይሆንም። ለበላይ የሄደው ሪፖርት በእሱ ነው። ሽማግሌውን ቁረጪው።»

«ምን?»

«ከፎቶው ላይ ቁረጪው አልኩሽ። ኃላፊው ብቻቸውን ይታዩ።»

ኮምፒዩተሬ ፊት ተቀምጬ ቆረጥኳቸው። ፊታቸው ሄደ፣ ጋቢያቸው ሄደ፣ ሳቃቸው ሄደ። እጃቸው ግን አልሄደም። ኃላፊውን ጥብቅ አድርገው ስለጨበጡ፣ እሱን ልቁረጥ ስል የኃላፊውም እጅ አብሮ ይቆረጣል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ባለቤት የሌላቸው ሁለት የተሰነጣጠቁ እጆች ኃላፊውን እንደያዙ ቀሩ። እንደዚያው አወጣሁት።

ታዲያ ሐሙስ ዕለት ሰውዬው የት ነበሩ? ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ። ጸሐፊዋ «ድንገተኛ ስብሰባ ተጠርተው አዲስ አበባ» አለችኝ። ሾፌሩ ደባርቅ አድርሷቸው እንደተመለሰ፣ ከዚያ በሌላ መኪና እንደሄዱ ነገረኝ፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገረም፤ ሲናገርም ወዲያ ወዲህ እያየ ነበር። ሌላው ደግሞ ሐኪም ቤት ነው አለ። ዛሬም እውነቱን አላውቅም። እንደ እሳት የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ታመው ከሆነ እኮ ሰው ናቸው፤ ያ አገር ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ጸልዮ ይመለስ ነበር። ስብሰባ ተጠርተውም ከሆነ እሱም ሥራ ነው። «ሐሙስ አልመጣም፤ በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ቀን እመጣለሁ» የምትል አንዲት መስመር እነዚያን ሽማግሌዎች ከብርድ ታድናቸው ነበር። ያቺን መስመር መጻፍ እንደ ውርደት ተቆጠረ፤ ሙት መጥራት ግን አላሳፈረም።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ወረቀት ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ የኃላፊው ጸሐፊ የተለመደውን መልስ ስትሰጥ ሰማሁ፤ «መስክ ናቸው።» የባለጉዳይዋን ድምፅ ስሰማ እግሬ ቆመ። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሠረች ሴት ናት። ቀረብኩና ስልክ ላይ ያነጋገርኳት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለች። «እኔ እኮ ክፉ ሴት ትመስይኝ ነበር።»

ወደ ቢሮዬ ወስጄ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ እኛ እንዳልሆነ የነገረችኝ ያኔ ነው። ከእኛ በላይ ወዳለው መሥሪያ ቤት ሄዳ ነበር። የመንደሯ ሰዎች መርጠው፣ አዋጥተው፣ ማመልከቻ አስይዘው ነው የላኳት። እዚያ ያለው ሰው ማኅደሩን ከፍቶ አየና «የእናንተ ጉዳይ እኮ ታይቷል» አላት።

«ማን አየው?» ብላ ጠየቀችው።

«ኃላፊው በአካል ጎብኝተው አቅጣጫ አስቀምጠዋል። ይኸው።»

ያሳያት ወረቀት የእኔ ጽሑፍ ነው። ከገጹ ላይ ታትሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከማኅደሩ ጋር ተሰፍቶ። ከልማድ የጨመርኳት «በዛሬው ዕለት» ሳትቀር እዚያው አለች።

«ሳይመጡ ጎበኙን» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አሁን ደግሞ ተጎብኝታችኋልና ዝም በሉ ይሉናል። ባይጽፉ ኖሮ እኮ ይሻለን ነበር። አልመጡም ብለን መጮህ እንችል ነበር። አሁን ብንጮህ ውሸታሞቹ እኛ ነን።»

ከዚያ ቀን በፊት ውሸቴ ትንሽ ይመስለኝ ነበር፤ የአለቃን መቅረት የሸፈነች። ለካ የዚያን ቀበሌ በር ዘግታ ቁልፉን ወርውራዋለች።

ማረፊያ ስላልነበራት፣ የእኔም ክፍል ጠባብ ስለሆነች፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ይዣት ሄድኩ። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ደብር ዜማ ሲያስተምር የኖረ ሰው። እናቴ እግሯን አጥባት፣ እራት ቀርቦ፣ እንግዳዋ ነገሩን ከጥግ እስከ ጥግ ተረከችው። አባቴ ሲሰማ መጉረሱን ተወ። እሷ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«የሞተ ሰው ለምስክርነት ይጠራል እንዴ?»

«ታዝዤ ነው አባዬ።»

«ታዝዤ ነው ማለትን እኔም አውቃታለሁ» አለ። «ስንቱን በእሷ አሳልፈናል።» ትሪውን ገፋ አድርጎ ቀጠለ፤ «በእኛ ደብር ሰሞነኛ የሆነ ካህን ከአገልግሎት ቢቀር፣ ቀረ ተብሎ ይያዛል። ሲመጣ በማኅበሩ ፊት ‹የት ነበርክ?› ይባላል። ታሞም ከሆነ ታምሜ ይላል፣ ዘመድ ሞቶበትም ከሆነ ይላል፤ ተቆጥቶ ‹እንዴት ትጠይቁኛላችሁ› ያለ ግን አላየሁም። እግዜርን የሚያገለግለው የሚጠየቅ ከሆነ፣ ሰውን የሚያገለግለው ምነው አይጠየቅ?»

እንግዳችን «እሱን ነው የምለው እኔ» አለች። እሷ በማግሥቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ማመልከቻው ግን ለኃላፊው እንዳደርሰው እኔ ዘንድ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ የሠራተኞች ስብሰባ ነበር። ኃላፊው ራሳቸው ከመድረኩ ተቀምጠዋል። ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ መታወቂያ ማንጠልጠል ብዙ ተባለ። ሠራተኛ ከቢሮ ሲወጣ መዝገብ ላይ ፈርሞ ይውጣ የሚል አዲስ መመሪያም ተነበበ። ያቺን ስሰማ እጄ ራሱ ተነሣ።

«አንድ ሐሳብ አለኝ» አልኩ። «የኃላፊዎችም ጉዞ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፍ። የት እንደሄዱ፣ ለምን እንደሄዱ፣ ምን ሠርተው እንደመጡ። ሳይሄዱ ከቀሩም መቅረታቸው ይጻፍ።»

ምክትሉ ፈጥነው ገቡ። «በዚህ ጊዜ? መንገዱን እያወቅሽው? የኃላፊን ጉዞ ማውራት የጸጥታ ጉዳይ ነው።»

እውነት አላቸው። መንገዶቻችን እንዴት እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። «ከመሄዳቸው በፊት አይነገር» አልኩ። «ከተመለሱ በኋላስ? ሄደው የመጡበትን ቢናገሩ ማን ይጎዳል?»

ኃላፊው ፈገግ አሉ። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም አይጮኹም። «ልጄ፣ እንግዲህ የእኔን እግር ልትቆጥሪ ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ባይኖር ምናልባት እቀመጥ ነበር።

«የእርስዎን እግር አይደለም» አልኩ። «በእርስዎ እግር ስም የጻፍኩትን ነው። ያን ሐሙስ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ሲጠብቅዎት የት ነበሩ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ወንበሯን ትንሽ ሸሸት አደረገች፤ እግሮቹ ሲጎተቱ ሰማሁ።

«ሥራ ላይ» አሉ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

ከስብሰባው ወጥቼ፣ ማመልከቻውን ለጸሐፊያቸው ሰጥቼ፣ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ። የገጹ የይለፍ ቃል ገና በእጄ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት ሐሙስ ዕለት ተካሄደ ያልነው ጉብኝት አልተካሄደም። ፎቶው የአምና ነው። በፎቶው ላይ የነበሩት አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። ቤተሰባቸውንና የቀበሌውን ሕዝብ ይቅርታ እንጠይቃለን።» የሽማግሌውንም ፎቶ ሳልቆርጠው መልሼ አወጣሁት። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጽሑፉ ከገጹ ጠፋ። ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ። የሚያንገበግበኝ መዛወሬ አይደለም፤ መዝገብ ቤት ማንም ውሸት ጻፊ አይለኝም። የሚያንገበግበኝ የመጀመሪያው ዜና ተመልሶ መውጣቱ ነው፤ ሽማግሌው ተቆርጠው፣ እጃቸው ብቻ ቀርቶ። አሁንም እዚያው አለ። ኃላፊው በበኩላቸው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ተሻለ ቦታ ተሾሙ። በሽኝቱ ላይ ካባ ለበሱ፤ «ከሕዝብ ጋር በቅርበት የሠሩ» ተብሎ ተነበበላቸው።

ክረምቱ ሳይገባ የሽማግሌው ሙት ዓመት ደረሰና ልጃቸው ጠራችኝ። ልቅር ልሂድ እያልኩ ብዙ አመነታሁ፤ በምን ፊቴ አያቸዋለሁ? ሄድኩ። ከደባርቅ በመኪና፣ በብሔራዊ ፓርኩ ጥርጊያ መንገድ፣ ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል በጉም ውስጥ ቆሞ እንደ ሰው በሚታይበት ዳገት አልፈን መካነ ብርሃን ደረስን። በማግሥቱ የቀረውን በእግር ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ስገባ ወሬው ቆመ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ከመደቡ ላይ ሆነው አዩኝ።

«አንቺ ነሽ ያቺ ጸሐፊ?»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ምነው እንዲያ አረግሽ?»

መንገዱን ሁሉ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። «ፈርቼ ነው» አልኩ።

«ፍራትስ እኛም አለን» አሉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። «ኋላ ያረግሽውንም ሰምተናል። ተቀመጪ፤ ጠላ ስጧት።»

የሟቹ ባለቤት መጥተው ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ስለ ፎቶው ምንም አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ከምሳ በኋላ ልጃቸውና መምህሩ ስንጥቁን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ለኃላፊው እግር ተብሎ የተጠረገው መንገድ ሣር አብቅሏል። ስንጥቁ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ይውጣል፤ ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ከመሥሪያ ቤታችን ኃላፊዎች አንድም ያላየውን እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቆሜ አየሁት።

ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር። ወላጆች ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ቆርቆሮውንና አግዳሚውን በትከሻቸው ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ላይ ዳስ ሠርተዋል። ልጆቹ እዚያ ነው የሚማሩት።

«ታዲያ ለዚህ ምን አሉን መሰለሽ?» አለ መምህሩ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

ሳላነበው አወቅኩት። «የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ በማንሣታችሁ ማብራሪያ እንድትሰጡ» ይላል። ግልባጩን መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቼ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ልብ ሳልል፣ ከሌሎች ወረቀቶች መሐል። መቼ እንደደረሳቸው ጠየቅኩ። ከተጻፈ በሦስተኛው ቀን፣ አለኝ። ለጉብኝት መንገድ የማይገኝለት ቀበሌ፣ ለክስ ሲሆን ደብዳቤው በሦስተኛ ቀኑ ደረሰው። እዚያ ስንጥቅ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ያዘንኩ መስሏቸው አባበሉኝ። ኀዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው።

መምህሩ ከዳሱ አንድ የተማሪ ደብተር አመጣ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሕዝቡ ተስማምቶ ያስጀመረው ነው። ከመንግሥት ቤት የመጣ ሁሉ ስሙን፣ ቀኑን፣ ምን ሊያይ እንደመጣና ምን እንዳየ በገዛ እጁ ይጽፍበታል። እመጣለሁ ብሎ የቀረውንም እነሱ ይጽፉታል። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩት። በመምህሩ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ኃላፊው ይመጣሉ ተብሎ ቆመን ዋልን። አልመጡም።» ከሥሩ የሽማግሌዎቹ የጣት አሻራ ተደርድሯል።

«አንቺም ጻፊ» አለኝ።

«እኔ እኮ ለሙት ዓመት ነው የመጣሁ።»

«እሱኑ ጻፊዋ! የመጣሽበትን ነው እንጂ ሌላ ማን ጻፊ አለሽ?»

ጻፍኩ። ለሙት ዓመት መጣሁ፤ ስንጥቁን አየሁ። ስሜንም ፈረምኩ፤ ስንት ዓመት ስለ ሰው ጉዞ ስጽፍ በስሜ የፈረምኩት የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

በማግሥቱ የሟቹ ልጅ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። ዳገቱን ስንወርድ ዞር ብላ «ደግሞ ለምን ሄድሽ ብለው ነገር ይፈልጉሽ ይሆን?» አለችኝ።

«የሚፈልጉት ነገር የለም» አልኳት። «የፈቃድ ቅጽ ሞልቼ ነው የመጣሁት። ወዴት እንደምሄድ፣ ለስንት ቀን፣ ለምን፣ ማን ዘንድ እንደማርፍ። የቅርብ አለቃዬ ፈርሟል፣ የሰው ኃይል ፈርሟል፣ ምክትሉም ፈርመውበታል። አንዱ ግልባጭ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።»

ቆም አለች። «ለሦስት ቀን? ለሙት ዓመት?»

«ለሦስት ቀን» አልኳት።

ነጠላዋን አጥብቃ አሠረች፤ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ተቀብላ ቁልቁለቱን ቀደመችኝ።